በመክብብ ስም የተከፈተው አካውንት

ስልኩ ሲጮህ አበዛሽ መኪናዋን ከካውንቲው ሕንፃ ጀርባ ፓርክ አድርጋ ምሳዋን ልትቀምስ ነበር። አለቃዋ ነው። ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ከላውንድሪው ጎን ባለች አንዲት የታክስ ቢሮ ውስጥ ሰው ሞቶ ተገኝቷል፤ ሟቹ የአገርሽ ሰው ነው፤ ሚስቱ ከድንጋጤ የተነሣ እንግሊዝኛው ጠፍቶባታል፤ ቶሎ ድረሺ አላት። ሳንድዊቿን መልሳ ጠቀለለችው።

አበዛሽ የካውንቲው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ መርማሪ ናት። በዲቪ በመጣች በሦስተኛው ወር የአንድ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ወለል መወልወል ጀመረች። እየወለወለች ሐኪሞቹ ሲነጋገሩ ትሰማለች፤ ያልገባትን ቃል መዳፏ ላይ ጽፋ ማታ መዝገበ ቃላት ላይ ትፈልገዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች በአርባ ሁለት ዓመቷ ፈተናውን አለፈች። አሁን ሃምሳ አንድ ሆኗታል። ብዙ አትናገርም። አስከሬን ከመግለጧ በፊት ግን ሁልጊዜ በለሆሳስ የምትላት አንዲት ነገር አለች፦ «አቤቱ፣ እውነቱ እንዳያመልጠኝ።»

ዕለቱ እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2015፣ ሰኞ ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት የአክሲዮን ገበያው በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ከሺህ ነጥብ በላይ ወርዶ የአገሩ ሬዲዮ ሁሉ ስለዚያ ያወራል።

ሟቹ መክብብ ይባላል፤ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው፣ የታክስ ሠራተኛ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አሳርፏል። ክፍሉ በኤሲ እንደ ፍሪጅ ቀዝቅዟል፤ የሸሚዙ አንገትጌ ግን በላብ ርሶ ደርቆ ነጭ የጨው መስመር ሠርቶበታል። ደረት ኪሱ ውስጥ የኢንሱሊን መውጊያ ብዕር አለ። ከፊቱ ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ስክሪኑ ላይ በእሱ ስም የተመዘገበ የአክሲዮን መገበያያ አካውንት ይታያል፤ ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ነው። ከላፕቶፑ ጎን የምሳ ዕቃ፤ ባዶ፣ ጠርዙ ላይ ሁለት የቅንጬ ፍሬ የተጣበቀበት። የጠረጴዛው የታችኛው መሳቢያ በግማሽ ተስቧል፤ ባዶ ነው፤ የሁለት ጠርሙስ ቂጥ የተወው ክብ ምልክት ብቻ አለበት።

ቀድሞ የደረሰው የፖሊስ ዲቴክቲቭ ትከሻውን ሰበቀ። «ግልጽ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ነው። ጠዋት አካውንቱን ከፈተ፤ ገንዘቡ እንዳለቀ አየ፤ ኢንሱሊኑን አብዝቶ ተወጋ። በሩም ከውስጥ ተቆልፎ ነበር።»

አበዛሽ ወጣችና በሩን ከውጭ ሳብ አደረገችው። ቋ ብሎ በራሱ ተቆለፈ። ዲቴክቲቩ ከውስጥ ሲከፍትላት አንዴ በሩን አንዴ እሷን አየ።

ሚስቱ ሸዋነሽ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። የአረጋውያን መንከባከቢያ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ናት።

«እህቴ፣ ራሱን አጥፍቷል ይላሉ» አለች፣ የአበዛሽን ክንድ ጨብጣ። «መክብብ ራሱን አያጠፋም። ልጃችን ኑሃሚን ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ እየነዳች እየመጣች ነው። አባዬ ለምን ትቶኝ ሄደ ብትለኝ ምን ልበላት? ወረቀቱ ላይ እንደዚያ ከጻፉበት ዕድሜዋን በሙሉ ይዛው ትኖራለች።»

«ወረቀቱን የምሞላው እኔ ነኝ» አለች አበዛሽ። «እስከ ዓርብ አይሞላም። አሁን ስለ ዛሬ ጠዋት ንገሪኝ።»

«ምን እነግርሻለሁ? እንደ ሁልጊዜው ነው። በአንድ ሰዓት መርፌውን እፊቴ ተወጋ። ቅንጬውን ቋጠርኩለት፤ ቢሮ ስደርስ እበላለሁ ብሎ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ስልክ አላነሳ ሲለኝ በትርፍ ቁልፌ ከፈትኩ።»

«ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችሁ ጾም የለም?»

«አለ እንጂ። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ዛሬ ተጀምሯል። ለእሱ ግን ሐኪም ከልክሎታል። አምና ተደብቆ ጾሞ ወድቆብኛል። ያኔ ነው ተቆጥቼ ቃል ያስገባሁት። በልቷል እኮ፤ ዕቃው ባዶ ነው።»

«መሳቢያው ውስጥስ ምን ያስቀምጥ ነበር?»

«ጁስ። ስኳሩ ሲወርድበት የሚጠጣው። ሁለት ጠርሙስ አይጠፋም። ዓርብ ዕለት እኔው ነኝ ያስቀመጥኩለት።»

አበዛሽ ማስታወሻዋ ላይ አንዲት መስመር ጻፈች። ጁሱን ማን ወሰደው?

ማክሰኞ ጠዋት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለላት። የሟቹ ጨጓራ ባዶ ነው፤ ከእሑድ ማታ ወዲህ እህል አልገባበትም። ልቡም ደካማ ነበር። እሷ ደግሞ ብዕሩን ይዛ ፋርማሲው ሄደች፤ የተገዛበትን ቀንና የታዘዘለትን መጠን አስልታ የቀረውን ለካች። መቅረት ያለበት ያህል ቀርቷል። መክብብ ያን ጠዋት የወሰደው የዘወትሩን ነው፤ ጠብታ አልጨመረም።

አካውንቱ ግን ነበር፤ በስሙ፣ ከነኪሳራው። ዲቴክቲቩ እሱን ይዞ ፈቀቅ አልልም አለ።

መክብብ ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስለ አክሲዮን ያስተምር ነበር። ክረምቱ ሲገባ ክፍሉ ተመናምኖ ሦስት ሰው ቀርቶታል። የመጀመሪያው መርዕድ ነው፤ ኢስት ፖይንት ውስጥ ከኤርፖርቱ አጠገብ የመኪና ማቆሚያና ሦስት መንገደኛ ማመላለሻ ቫኖች አሉት። አበዛሽ ስትደርስ በስልክ ሾፌር እየተቆጣ ነበር።

«እኔን ከጠረጠርሽ ተሳስተሻል» አለ ስልኩን እየዘጋ። «ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ የአንድ ቫን ዋጋ አጥቻለሁ። ሰው ለመግደል ጊዜ አልነበረኝም።»

«ጩኸቱ ኤርፖርት ድረስ ይሰማ ነበር» አለ አንዱ ሾፌር በመስኮት። «እኛ ነን ውኃ ያጠጣነው።»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ!»

አበዛሽ ፈገግ አለች። «ስለ ክፍሉ ንገረኝ።»

መርዕድ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ አለ። «መክብብ ለሰው ሁሉ አንድ ብሮከር፣ አንድ አገበያይ ድርጅት፣ አይሆንም ይል ነበር። እንደ ሐኪም ይጠይቅሻል። ዕድሜሽ ስንት ነው? ገንዘቡን መቼ ትፈልጊዋለሽ? ግማሹ ቢጠፋ ማታ እንቅልፍ ይወስድሻል? ኤልቃና በወር ሃምሳ ዶላር ነው የሚያስቀምጠው፤ ለአንድ ግዢ አሥር ዶላር ኮሚሽን ከከፈለ ምን ተረፈው ብሎ ኮሚሽን የሌለውን የስልክ አፕ መረጠለት። ጋሽ ቶማስ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ኮምፒውተርም አይወዱ፤ ቅርንጫፍ ቢሮ ያለው፣ ሄደው ሰው የሚያነጋግሩበት ይሻላል፤ ገንዘቡም አደጋ የሌለበት ቦታ ይቀመጥ አላቸው። ለእኔ የነጋዴዎቹን። የሚያበድርሽን፣ ማርጂን ያለውን። እሱንም እየተቆጣ ነው የፈቀደልኝ፤ ሲወድቅ ያንተን ብቻ አይደለም፣ የነሱንም ነው የምትከፍለው እያለ።»

«ጋሽ ቶማስ ደስ አላቸው?»

«የሕፃን ብሮከር ሰጠኸኝ ብለው ሳቁ። ከልባቸው አልመሰለኝም።»

«ባለፈው ቅዳሜስ?»

መርዕድ አገጩን አሻሸ። «ቅዳሜ አንድ ነገር ነበር። የእኔ ብሮከር ጋ እንዴት እንደሚመዘገቡ ሊያሳየን የራሱን ስምና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አስገባ። በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ደንበኛ አለ የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። ዛሬ ኢንተርኔቱ አስቸገረ ብሎ ላፕቶፑን ዘጋው። ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። ኤልቃና ስልኩ ላይ ነበር። ጋሽ ቶማስ ከመክብብ ጎን ነበሩ።»

ሁለተኛው ኤልቃና ነው፤ የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ኡበር የሚነዳ። ቶዮታው ውስጥ ከጎኑ ተቀመጠችና ቀበቶዋን አሰረች።

«እትዬ አበዛሽ፣ ሊሰን፣ እሑድ ዕለት ስለተጣላነው ከሆነ፣ ላይክ፣ አይ ዋዝ ስቱፒድ። ሁሉም ሰው ፊት የድሮ ሰው ነህ አልኩት፤ አፑ ላይ እንደ መርዕድ ብዙ ብዙ ልግዛ ስለው እምቢ አለኝ። ዛት ኢዝ ኢት። ሰኞ ጠዋት ስነዳ ነበር።»

መኪኖች ያልፋሉ። ኤልቃና ሬዲዮውን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«ጨው በዝቶበት ነበር አይደል፣ ቅንጬው?» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ዋዛ።

«ኖ፣ ጨው ሳይሆን ቅቤው ነው የ—» አለና አፉን ያዘ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ንገረኝ ልጄ።»

ኤልቃና ሁለት እጁን መሪው ላይ ጭኖ አቀረቀረ። «ይቅርታ ልጠይቀው በሁለት ሰዓት ገደማ ሄድኩ። ይቅር አለኝ፤ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ። ከዚያ ምሳ ዕቃውን ገፋ አደረገልኝ። እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ሸዋነሽ ባዶውን ዕቃ ካላየች አታምነኝም፣ ብላልኝ አለ። እኔም እኮ ጾመኛ ነበርኩ! ሽታው ግን… በላሁ። ሁሉንም። በጾም ቀን፣ የሞተ ሰው ቁርስ! ለማን ልናገር?»

«የሚጠጣ ነገርስ ሰጠህ?»

«መሳቢያውን ከፈተ፤ ሁለት ጁስ ነበር። ይኼ መድኃኒቴ ነው፣ አንተ ውኃ ጠጣ ብሎ ሳቀብኝ። በሁለት ተኩል ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ደንበኛ ጭኛለሁ፣ አፑን ቼክ አድርጊ።»

ቼክ አደረገች። እስከ ቀትር ስድስት ሰው አመላልሷል።

መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ስትቀር አበዛሽ ዓይኗን ጨፈነች። ሰውዬው ሚስቱ እንዳትጠረጥረው መርፌውን እንደሚበላ ሰው ተወጋ፤ ቁርሱን ለሌላ ሰጠ። ጾሙን የሚሰውር ሰው ስንት አይታለች። ያም ቢሆን የስኳር መውረድ ምልክቱን ያውቀዋል፤ ላብ ሲያጠምቀው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ ጁሱን ይጠጣል። ጁሱ እንኳንስ ተጠጥቶ ሊገኝ፣ ጠርሙሱም የለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ቶማስ ቤት ሄደች። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ሃያ ዓመት የፓርኪንግ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። በጃንዋሪ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነው ሁለት ወር ሆስፒታልና ቤት ከርመዋል፤ አሁንም በከዘራ ነው የሚሄዱት። ጠረጴዛቸው ላይ ግማሹ የተጻፈ ወረቀት ነበር።

«የወንድሜን የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው» አሉ። «ቅዳሜ ቀብሩ ላይ አነባለሁ። ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ነው የተቀመጥነው፣ እህት አበዛሽ። እናቱ ሲያርፉ እንኳ እሱ ሊቀብር አገር ቤት ሲሄድ፣ ወረቀቱንም ቤቱንም ለእኔ አደራ ብሎ ነው። እዚህ ለቅሶው ላይ የእናቱን ታሪክ ያነበብኩትም እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ጠዋት አላዩትም?»

«እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ በጸሎት።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። ማስመሰል አልነበረም፤ አበዛሽ ማስመሰልን ታውቃለች። «ምስኪን ወንድሜ። እህል እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።»

አበዛሽ ብዕሯን አላነሳችም። ሻዩን ጠጥታ፣ አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን የተናገሩትን የመጨረሻ ቃል ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። እኚህ ሰው እንዳይሆኑ ፈልጋ ነበር።

ሐሙስ ዕለት በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተጠየቀው የብሮከሩ ፋይል መጣ። አካውንቱ የተከፈተው በኤፕሪል ነው፤ አድራሻው የኪራይ ፖስታ ሳጥን። ብሮከሩ አካውንት ለሚከፍት ሁሉ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ተመልሰዋል። ምን ዓይነት ኢንቨስተር ነህ? ንቁ ነጋዴ። ልምድ? ሃያ ዓመት። ሥራ? የታክስ ባለሙያ። የይለፍ ቃል ቢጠፋ የሚጠየቀው ጥያቄም ነበረበት፤ የእናትህ ከጋብቻ በፊት የነበረ የቤተሰብ ስም? መልሱ፦ ታደገ።

«ታደገ ማን ነው?» ብላ ሸዋነሽን በስልክ ጠየቀቻት።

«የእናቱ አባት ናቸው። ነፍስ ይማር።»

አበዛሽ ቀጥላ ኤልቃና ጋ ደወለች። «ክፍል ውስጥ ስለ እናት ስም የተማራችሁት ነገር ነበር?»

«ኦ የስ! በፌብሩዋሪ ነው። የእኛ እናቶች አግብተውም ስማቸውን አይቀይሩ፤ ምን እንጻፍ አልነው። አያታችሁን በጭራሽ አትጻፉ አለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሰው ዘር እስከ ሦስተኛ ትውልድ ለቅሶ ላይ በማይክራፎን ይነበባል፤ ሌባ ኮምፒውተር መስበር አያስፈልገውም፣ ለቅሶ መድረስ ይበቃዋል አለ። ሁላችንም ሌላ ነገር ጻፍን። እኔ ዱለት ብዬ ነው የጻፍኩት… ኦ ኖ፣ አሁን ነገርኩሽ፣ መቀየር አለብኝ።»

«እሱስ?»

«ራሱማ በየትኛውም አካውንት ላይ አያቴን ከጻፍኩ ጣቴን ቁረጡት ይል ነበር።»

«በዚያ ቀን ያልነበረ ማን ነው?»

ኤልቃና አሰበ። «መርዕድ ኢስት ፖይንት ሥራ ነበረው። ጋሽ ቶማስ ደግሞ ጉልበታቸውን ታመው።»

ዓርብ በአሥር ሰዓት ሁሉም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ሸዋነሽና ኑሃሚን እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። መርዕድ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል፤ ኤልቃና ከኋላ ተወሽቋል፤ ቶማስ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ከፊት ተቀምጠዋል። ዲቴክቲቩ በር ላይ ነው፤ አማርኛው ባይገባውም አበዛሽ አስቀድማ ሁሉን ነግራዋለች።

«መክብብ ራሱን አላጠፋም» አለች አበዛሽ። «መጀመሪያ ይህ ይታወቅ። የወሰደው መድኃኒት የታዘዘለትን ብቻ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ኑሃሚን ፊቷን በእናቷ ትከሻ ውስጥ ቀበረች።

«የሞተው ስኳሩ ወርዶ ነው። መርፌውን ተወግቶ አልበላም፤ ጾሞ ነበር። ቁርሱን የበላለት ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰው ምንም አላጠፋም።» ኤልቃና አቀረቀረ። «በሁለት ተኩል ሁለት ጠርሙስ ጁስ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ቀትር ላይ የለም። ስለዚህ በመሐል ሰው ገብቶ ወጥቷል። ማን? ወደ አካውንቱ እንሂድ።

«አካውንቱን የከፈተው መክብብ አይደለም። ራሱ ከፍቶት ቢሆን ቅዳሜ ዕለት ሰው ፊት በዚያው ቁጥር ለመመዝገብ ባልሞከረ ነበር። ለምስጢር ጥያቄውም የአያቱን ስም አይጽፍም፤ አትጻፉ ብሎ ያስተማረው እሱ ነው። የከፈተው ያን ትምህርት ያልሰማ ሰው ነው። ከቀሩት ሦስት ተማሪዎች ሁለቱ በዚያ ቀን አልነበሩም።»

መርዕድ ክንዱን ፈታ። «እኔ…»

«አንተ እዚያው ብሮከር በገዛ ስምህ አካውንት አለህ። የሰው ስም ምን ያደርግልሃል? እኔ ስጠይቅ የቆየሁት ይህንን ነው። የራሱ ስም እያለው የመክብብን ስም የሚፈልግ ሰው ማን ነው? ብሮከሩ ማነህ ብሎ ሲጠይቀው እውነቱን ቢመልስ የማይቀበለው ሰው ነው። ስልሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ጡረተኛ ነኝ፣ በሕይወቴ አክሲዮን ነግጄ አላውቅም ቢል ማርጂን አይፈቅዱለትም። የመክብብ ወረቀት ከነሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ በአደራ የተሰጠው፣ የእናቱን ዘር በማይክራፎን ያነበበ ሰው።»

ማንም አልዞረም፤ ሁሉም ወዴት እንደሚዞር ግን አውቋል።

«ጋሽ ቶማስ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህል ሳይቀምስ ሄደ አሉኝ። ሚስቱ በልቷል ብላ ነበር የምታምነው። ፖሊሱም ባዶውን ዕቃ አይቶ በልቷል ብሎ ነበር። አለመብላቱን የምናውቀው እኔ፣ ሐኪሙና ለማንም ያልተናገረ አንድ ልጅ ነበርን። ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

ከዘራው ወለሉን መታ።

«እሱ ራሱ» አሉ። «እሱ ነው የነገረኝ።»

ሸዋነሽ ቀና አለች። «ጋሼ?»

«ሃያ ዓመት መኪና አቁሜ ያጠራቀምኩት ነው» አሉ ቶማስ፣ ለማንም ሳይሆን ለእጃቸው እንደሚናገሩ። «መክብብ ገንዘቡ ቀስ ይበል አለኝ። ቀስ የሚልበት ዕድሜ የት አለኝ? መርዕድ በቀን የሚያገኘውን ሲያወራ እሰማለሁ። ለልጆቼ አንድ ነገር ልተው ብዬ ነው። በራሴ ስም ሞከርኩ፤ አልፈቀዱልኝም። በእሱ ስም ፈቀዱ። ቅዳሜ ቀዩን ጽሑፍ ሲያይ ወረቀቱን ለማን ሰጥቶ እንደነበር አስታወሰ፤ ሰኞ ና፣ ብቻችንን እንነጋገር አለኝ። ሳልሸሽ ሄድኩ። ቁጣ የለውም፤ በለሆሳስ ነው የሚናገረው። አካውንቱን እስቲ ክፈተው አለኝ፤ ከፈትኩት። ገበያው በተከፈተበት ሰዓት ነበር። ዓይናችን እያየ አለቀ። የእኔ አልቆ በእሱ ስም ዕዳ ጀመረ። ለሽማግሌዎቹ አብረን እንንገር፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ አለኝ። አብሬህ እቆማለሁ ነው ያለኝ! ከዚያ ላቡ መጣ። ጾሜአለሁ፣ ጁሱን አቀብለኝ አለ።»

ቶማስ ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

«አወጣሁት። ክዳኑን ከፍቼዋለሁ። እጄ ላይ ነበር። ትንሽ ዝም ቢልልኝ አልኩ በልቤ። እንዲሞት አልፈለግኩም፤ ዝም እንዲል ነው። ራሱን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። ዝም አለ። ፈርቼ ወጣሁ። ጠርሙሶቹ መኪናዬ ውስጥ ናቸው፤ መጣል አልቻልኩም።»

መርዕድ ወደ መስኮቱ ዞረ። ኤልቃና ጮክ ብሎ ያለቅሳል።

ዲቴክቲቩ ቶማስን ይዞ ከወጣ በኋላ ተመልሶ አበዛሽን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። ዐቃቤ ሕጉን በስልክ አነጋግሮታል። የሰው ስም ሰርቆ አካውንት ለመክፈቱ ይከሰሳል። ለሞቱ ግን፣ አለ፣ በዚህ ስቴት ሰው ለወደቀ ሰው ጁስ የማቀበል ግዴታ የለበትም። አልነጠቀውም፤ አልመታውም። ሊሰጠው ነበር፣ ደነገጠ ቢል ጠበቃው፣ የሚያስተባብል የለም።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያንቺ ወረቀት ነው።»

ወረቀቱ ላይ አምስት ሣጥን አለ። በሽታ፣ አደጋ፣ ራስን ማጥፋት፣ በሰው እጅ፣ ያልታወቀ። አበዛሽ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከፍተው ሳይሰጡ ለያዙት ጠርሙስ የሚሆን ሣጥን የለም። ብዙ ቆይታ አደጋ በሚለው ላይ ምልክት አደረገች፤ ብዕሩ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ስትመለስ ኑሃሚን ውኃ ልታመጣ ሄዳለች። ሸዋነሽ ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ጽፌዋለሁ» አለቻት አበዛሽ። «አደጋ ነው የሚለው። ራሱን አላጠፋም። ለልጅሽ እንደዚያ በያት።»

«እግዚአብሔር ይስጥሽ።» ሸዋነሽ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ከሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ የነበረው የወረደ መሰለ። ከዚያ ቅንድቧ ቀስ እያለ ተሰበሰበ። «ግን እህት አበዛሽ፣ ካልበላ መርፌውን ባይወጋው ይሻል ነበር፣ አይደል? እኔ አረጋውያን ጋ ነው የምሠራው፤ አውቃለሁ። የማይበላ ሰው አይወጋም።»

«አዎ።»

«እሱም ያውቃል። አሥራ ሁለት ዓመት ስኳር ያለበት ሰው ነው።»

አበዛሽ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ታዲያ ለምን ተወጋው?» አለች ሸዋነሽ። መልሱ ፊቷ ላይ ሲመጣ አበዛሽ ታያለች፤ ልታስቆመው የምትችልበት መንገድ ግን አልነበረም። «እኔ እንዳላውቅበት ነው። እፊቱ ስለነበርኩ። አምና ስለጮህኩበት። ቃል ስላስገባሁት ነው እንዴ?»

ኑሃሚን ውኃውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«አይደለም በይኝ» አለች ሸዋነሽ፣ የአበዛሽን እጅ በሁለት እጇ ጨብጣ። «እህቴ፣ በእግዚአብሔር፣ አይደለም በይኝ።»

አበዛሽ እጇን አልወሰደችም። በሌላው እጇ ለኑሃሚን ወንበር ሳበች።